በደሴ ለዓይነ ስውራን ማኅበር በጎ ፈቃደኞችና ለአስተባባሪያቸው የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው በደሴ ከተማ የሚገኘው የዓይነ ስውራን ማኅበር ለታናሽ እህቴና ለመላው ቤተሰባችን የዋለልንን ውለታ ሳልናገር ማለፍ ስላልቻልኩ፣ እንዲሁም በወሎ እንደ እኛ መላ የጠፋበት ቤተሰብ ካለ የት ማንኳኳት እንዳለበት እንዲያውቅ ስለምሻ ነው። የበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ ስማቸውን አልጠራም፤ ማኅበሩን የሚያውቅ ሰው ግን ማንን ማለቴ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

እህቴ የዓይኗን ብርሃን ያጣችው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በጀመረችበት ሰሞን ነበር። በየደጁ ብንዞርም ሁሉም ከንፈር ከመምጠጥ ያለፈ ነገር አላደረገልንም። ከአንድ ትምህርት ቤት «ብሬል (በጣት የሚነበበውን የዓይነ ስውራን ጽሑፍ) የሚያውቅ መምህር የለንም፤ ቁጭ ብላ ታዳምጥ» ተባልን፤ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ጥያቄውን የሚያነብላትና መልሷን የሚጽፍላት ሰው ስላልተመደበ ወረቀቷ ባዶውን ተመለሰ። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃ ሳለ አንዲት ተማሪ እንዲህ መደረጓ ዛሬም ያንገበግበኛል። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን በዓይነ ስውራን ስም ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች ያደረሱብን ነው። ጥቁር መነጽር አድርገውላት መድረክ ላይ አቆሟት፣ የደረሰባትን አስነግረው አዳራሹን አስለቀሱ፣ ፎቶዋን ባነር ላይ አወጡት፤ ለትምህርቷ ቃል የተገባላትን ስንጠይቅ ግን ስልካችንን የሚያነሳ ጠፋ። እናታችን ለዚያ ቀን ብላ አዲስ ቀሚስ ገዝታላት ነበር። ያ ቀሚስ ሲነሳ እስከ ዛሬ የእናታችን ፊት ይለዋወጣል።

ማኅበሩን የጠቆሙን ቡና ላይ ጭንቀታችንን የሰሙ ጎረቤታችን ናቸው። አስተባባሪዋ ነጭ በትራቸውን ይዘው፣ ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ቤታችን ድረስ መጡ፤ እርሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው። እናቴ እንደ ልማዷ የልጇን ነገር ከመጀመሪያው ልትዘረዝር ስትል በትሕትና አቋረጧትና «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጅቷ እዚሁ ካለች ከራሷ አፍ ልስማ» አሏት። ወደ እህቴ ዞረውም «አብሽሪ እህቴ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጠየቋት። ከታመመች ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እህቴም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ብቻዬን ፒያሳ ደርሼ መመለስ» አለች።

የደሴን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዳገትና ቁልቁለት፣ ክዳን የሌለው ቦይ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ነው። ልምምድ የጀመሩ ዕለት ተማሪዋ የእህቴን እጅ አልጎተተችም፤ ክርኗን ሰጥታት ግማሽ እርምጃ ቀደም ብላ ሄደች። ቦዩ ጋ ሲደርሱ ክርኗን አስለቅቃ «ወዲህና ወዲያ ማዶውን በበትርሽ ፈልጊው» አለቻት። እህቴ የቅርቡን ጠርዝ ነካች፣ በትሯን ዘርግታ የማዶውን ፈለገች። እኛ ትንፋሻችንን ውጠን እናያለን። አስተባባሪዋ ከኋላችን ቆመው የበትሩን ድምፅ ብቻ እያዳመጡ «አሁን አገኘችው፤ ተዉአት፣ ትሻገራለች» አሉ። ተሻገረች። በዓይናችን እያየን ያልገባንን እርሳቸው በጆሯቸው ለይተውት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኚህ ሴት ሙያ ላይ ያለኝ እምነት ሙሉ ነው።

ዛሬ እህቴ ብሬል ትጽፋለች። ስሌት በሚባለው ወረቀት መያዣ ሰሌዳና ስታይለስ በሚባለው መውጊያ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋች ትጽፍና ወረቀቱን ገልብጣ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቷ ታነበዋለች። እኔም ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ ሆኜ መማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ እቀዳለሁ።

የገንዘብ አሰባሰባቸውንም በቅርበት አይቼዋለሁ። በየዓመቱ ጥቅምት 5 በሚከበረው የነጭ በትር ቀን ቡና ይፈላል፣ ቆሎና ዳቦ ይቀርባል፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱና የመስጊዱ ወጣቶች አብረው ያስተናግዳሉ። ሣጥኑ የሚከፈተው በሰው ፊት ነው፤ የተቆጠረው ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ለሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ለብሬል ወረቀት፣ ለበትርና ለድምፅ መቅጃ የወጣው እያንዳንዱ ብር ይነገራል። ማንንም መድረክ ላይ አቁመው አያስለቅሱም፤ ሳይፈቅድ ፎቶ የሚነሳም የለም። ያንን አዳራሽ ላየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር ያዳግተኛል።

ሌላም የማደንቅላቸው ነገር አለ። ማየት ተሳነው ተብሎ ወደ ማኅበሩ የሚመጣ አዛውንት ሁሉ መጀመሪያ ወደ ዓይን ሐኪም ይላካል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው በአገራችን ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ ከ11 በመቶ በላይ የሚሆነውም በትራኮማ የመጣ ነው፤ የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። በዚህ መንገድ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ታክመው፣ የልጅ ልጆቻቸውን መልክ አይተው፣ ማኅበሩን ሊመርቁ የተመለሱ እናት አጋጥመውኛል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቤታችሁ ዓይነ ስውር ልጅ ወይም አዛውንት ካለ አትደብቁ፣ ወደ እነዚህ ሰዎች ሂዱ። ደሴ ፒያሳ የዓይነ ስውራን ማኅበር ብላችሁ ብትጠይቁ የባጃጅ ሹፌሮች ያደርሷችኋል። ለመርዳት የምትሹም ገንዘብ ባይኖራችሁ ጊዜያችሁን ስጡ። አሁን በጣም የቸገራቸው በፈተና ወቅት ለተማሪዎች የሚያነብና የሚጽፍ፣ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ፣ በሰዓቱ የሚገኝ ሰው ነው። ገንዘብ የምትሰጡ ደግሞ ደረሰኛችሁን ተቀበሉ፤ አስተባባሪዋ ራሳቸው ሳትቀበሉ አያሰናብቷችሁም። እትዬ፣ እርስዎንና ልጆችዎን አላህም እግዚአብሔርም ያክብርልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።