የፋርማሲ ሬዚደንሲ ያዋጣል ወይ? ከጨረሰች ፋርማሲስት

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ሆስፒታል ውስጥ፣ ከሐኪምና ከነርስ ጋር አልጋ አጠገብ ቆሞ መሥራት የሚፈልግ አዲስ ፋርማሲስት ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚሠለጥኑበት ዓመት፣ ይግባ። ሰፈር ያለ ፋርማሲ ውስጥ መሥራት የሚፈልግ ግን ዓመቱን ባያቃጥል ይሻለዋል። እኔ የጨረስኩት ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ የፋርማሲ ዶክትሬቱን ጨርሶ የፈቃድ ፈተናዎቹን ያለፈ ሰው ወዲያው ሥራ መጀመር ይችላል። ሬዚደንሲ እንደ ሐኪሞቹ ግዴታ አይደለም። ትልልቅ ሆስፒታሎች ግን ለክሊኒካል ቦታ፣ ማለትም ከታካሚ ጋር ለሚሠራ ሥራ፣ ሲቀጥሩ ሬዚደንሲ የጨረሰውን ያስቀድማሉ። የመጀመሪያው ዓመት ፒጂዋይ 1 ይባላል፤ ከክፍል ክፍል እያዞረ ሁሉንም ያስነካል። ካንሰር፣ ጽኑ ሕሙማን ወይም ሕፃናት ላይ ማተኮር የፈለገ ሁለተኛ ዓመት ይጨምራል። ነገሩ የዛሬ አይደለም። ሃርቪ ዊትኒ የተባለ ፋርማሲስት ገና በ1927 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ የጀመረው ሥልጠና ነው ለዛሬው መነሻ የሆነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ቤተሰብ ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነውና። ብዙ ፕሮግራሞች በዓመት 50 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው የሚከፍሉት። ቀጥታ ሥራ የገባው ጓደኛህ ከ120 ሺህ በላይ ያገኛል። የትምህርት ብድር ላለበት ይሄ ቀላል አይደለም። እናቴ "ዶክተር ተብለሽ ገና ትማሪያለሽ?" ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው ጠፍቶኝ ነበር። ዛሬ መልስ አለኝ።

መልሱም አንዲት እናት ናቸው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በሚታዩበት ክሊኒክ ውስጥ ነበርኩ። እኚህ እናት ዋርፋሪን ይወስዳሉ። የደማቸው መለኪያ፣ አይኤንአር የምንለው፣ ከ2 እስከ 3 መሆን ሲገባው 1.4 ሆኖ መጣ። እንዲህ ዝቅ ሲል ደም ይረጋል፤ ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ቀደም በነበረው ቀጠሮ በስልክ አስተርጓሚ ነበር ያነጋገሯቸው። ፋይላቸው ላይ "መድኃኒቱን ሳትዘል አትቀርም" የሚል ተጽፏል። ሆስፒታሉ በአማርኛ ከታካሚ ጋር እንድሠራ አስፈትኖ ፈቅዶልኝ ስለነበር እኔ ገባሁ።

"እማማ፣ ኪኒኑ ያመለጠዎት ቀን አለ?"

"ኧረ በፍጹም ልጄ!" ብለው ከቦርሳቸው የኪኒን ሳጥናቸውን አወጡ። በየቀኑ የተከፈለ ነው። ያለፉት ቀኖች ሁሉ ባዶ ናቸው።

"ምግብስ? ሰሞኑን የተለየ ነገር ይበላሉ?"

"ሁዳዴ አይደል እንዴ! ምን እበላለሁ፤ ጎመን ነው፣ ሽሮ ነው።"

እዚያ ላይ ነገሩ ተገለጠ። ጎመን ውስጥ ቫይታሚን ኬ በብዛት አለ። ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ያፈርሳል። ሴትዮዋ መድኃኒታቸውን በሥርዓት ይወስዳሉ፤ ጾሙን ስለያዙ ነው ቁጥሩ የወረደው።

ፕሪሴፕተሬ፣ ማለትም የሚያሠለጥኑኝ ፋርማሲስት፣ ይህን ስነግራቸው "ታዲያ ምን እናድርግ?" ብለው ዝም አሉ። መልሱን አልሰጡኝም። እሳቸውን የምወዳቸው ለዚህ ነው። ጎመን ይተዉ ማለት አይቻልም፤ በጾም ወቅት ጎመን የተከለከለ ሰው ምን ሊበላ ነው? መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ ነግረናቸው የሳምንቱን ዶዝ 10 በመቶ ያህል ጨመርን። ከዚያ ፕሪሴፕተሬ አንድ ጥያቄ ጨመሩ፤ "ጾሙ መቼ ነው የሚፈታው?" ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ቀርቶ ዶሮ ወጥ ይተካል። ዶዙ እንደተጨመረ ከቀረ ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ የሚያሰጋው መድማት ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ቀጠሮ በፋሲካ ማግሥት ሳምንት አደረግነው፤ ዶዙም የዚያኔ ተመልሶ እንዲታይ ፋይሉ ላይ ጻፍኩ። "መድኃኒቱን ትዘላለች" የሚለውም በትክክለኛው ምክንያት ተተካ።

የዋርፋሪንና የቫይታሚን ኬን ነገር ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ለፈተናም ሸምድጄዋለሁ። ከፊቴ ሰው ተቀምጦ፣ ወስኜ፣ ውሳኔዬን ለሐኪሙ አስረድቼ የፈረምኩት ግን ሬዚደንሲ ላይ ነው። ዓመቱ የሚሰጠው ይህንን ነው፤ ከኋላህ የሚያርም ሰው ቆሞ ራስህ መወሰን።

ኮድ ብሉም አለ። የአንድ ሰው ልብ ሲቆም ፋርማሲስቱም ይሮጣል። ከመድኃኒት ጋሪው አጠገብ ቆሞ ኤፒነፍሪን አንድ ሚሊግራም በየሦስት እስከ አምስት ደቂቃው ያቀብላል፤ ሰዓቱን ይይዛል፤ ቀጣዩን መርፌ አስቀድሞ ይከፍታል። መጀመሪያ አካባቢ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ከሐኪሙ ትእዛዝ ቀድሜ "ሦስት ደቂቃ ሞልቷል" እል ነበር።

አሁን ወደ ቀነስኩት ኮከብ። ሬዚደንት ቅዳሜና እሁድ ተራ እየጠበቀ ዋናው ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል። ይሄ የትም ያለ ነው፤ ይጠቅማልም። የኛዎቹ ግን ሰው በጎደለባቸው ቁጥር እኛን ይጠሩ ነበር። ራውንድ ላይ፣ ማለትም ከሐኪሞቹ ጋር ታካሚዎችን እየዞርኩ በማይበት ቦታ፣ መሆን በሚገባኝ ቀን ምድር ቤት ተቀምጬ የመድኃኒት ትእዛዝ ሳጣራ የዋልኩበት ጊዜ አለ። በግማሽ ደሞዝ የሚሠራ ፋርማሲስት መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ አናደደኝ፤ አሁንም ያናድደኛል። ማሠልጠኛዎቹን የሚያጸድቀው የፋርማሲስቶች ማኅበር የሥራ ሰዓት በሳምንት በአማካይ ከ80 እንዳይበልጥ ደንብ አለው። ቤት ወስዳችሁ የምታነቡትና የምትዘጋጁት ግን ከዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ዓመቱን የሚወስድ የምርምር ሥራም አለ፤ እሱ ማታ ማታ ነው የሚሠራው።

ስለዚህ ስትመርጡ የሆስፒታሉን ስም አትዩ። ኢንተርቪው ላይ ዳይሬክተሩ በሌሉበት ሬዚደንቶቹን ብቻቸውን አግኙና "ሰው ሲጎድል ማን ይሸፍናል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከመስጠታቸው በፊት እርስ በርስ ከተያዩ ገብቷችኋል። ፕሪሴፕተሮቹ ራውንድ ላይ አብረው ይወጡ እንደሆነም ጠይቁ። ይህን አጥብቆ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ምደባው በማች ነው። እናንተም እነሱም በምርጫ ቅደም ተከተል ትደረድራላችሁ፣ ኮምፒውተር ያገናኛችኋል፣ ውጤቱ ማርች ላይ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ሐሳብን መቀየር የለም። በመጀመሪያው ዙር ያልተመደበ ሁለተኛ ዙር አለለት፤ በዚያ ገብተው ጥሩ ቦታ ያገኙ አውቃለሁ።

አገር ቤት ተምራችሁ ለመጣችሁም በሩ ክፍት ነው። ክሊኒካል ፋርማሲ ኢትዮጵያ ውስጥ በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል፤ እዚህ ግን ያ ብቻውን አያስገባም። ከአዲስ አበባ፣ ከጅማም ሆነ ከጎንደር ብትመረቁ የውጭ ተመራቂዎችን የብቃት ፈተናና የእንግሊዝኛ ፈተናውን ቶፍልን አልፋችሁ የምስክር ወረቀቱን መያዝ አለባችሁ። ከ2003 ወዲህ ለተመረቀ ሰው አምስት ዓመት የፈጀ ዲግሪ ነው የሚጠየቀው፤ የአምስት ዓመቱን የፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ቢፋርም፣ የተማራችሁ ይህን ታሟላላችሁ። ቪዛ የማይደግፉ ፕሮግራሞች ብዙ ስለሆኑ ከማመልከታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።

የብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጋው ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይፈለጋል። የሚጽፉላችሁን ሰዎች ኦክቶበር ላይ ጠይቁ፤ ሥራችሁን በዓይኑ ያየ ሰው ይሁን።