ስክሪኑ ሳይቀየር የተፈታ መዘግየት፦ የአንድ ላፕቶፕ ጥገና ቤት አገልግሎት

ላፕቶፔ ላይ ለሁለት ወራት ያስመረረኝን የስክሪን መዘግየት ያስወገደልኝ በመገናኛ አካባቢ የሚገኝ፣ ከሦስት ሰው በላይ የማያስቆም ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው። ጽሑፍ ሳነብ ለጥቂት ሰከንዶች እጄን አሳርፌ ማውሱን ስነካው ጠቋሚው ባለበት ተገትሮ ይቆይና በድንገት ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። በአማርኛ ስጽፍ ደግሞ ይብስ ነበር፤ «ስ» ካልሁ በኋላ አናባቢውን ስነካ ወዲያው «ሱ» መሆን ሲገባው ፊደሉ ባለበት ስለሚቆይ፣ አልተነካም ብዬ ደግሜ ስጫን ቃሉ ይበላሻል። ጥፋቱ የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም መስሎኝ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጭኜዋለሁ፤ ያለ ጥፋቱ ወቅሼዋለሁ።

አስቀድሜ የወሰድሁበት ሌላ ቤት ያለ ብዙ ምርመራ ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረገው፤ መዘግየቱ በዚያው ቀን ሲመለስም ስክሪኑ እንዲቀየር መከረኝ። የመገናኛው ወጣት ባለሙያ ግን አንዲት ብሎን ሳይፈታ፣ ቪዲዮ ስከፍትም ይዘገይ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቪዲዮ ላይ እንከን አይቼ እንደማላውቅ ስነግረው ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከሱቁ ሞኒተር ጋር አገናኝቶ ምስሉ በዚያ ላይ ብቻ እንዲታይ አደረገ፤ ጠቋሚው ያለ አንዳች መደናቀፍ ተንሸራተተ። ይህ ብቻውን ቢሆን ስክሪኑን ያስጠረጥር ነበር፤ በዚያው ስክሪን ላይ ቪዲዮ በደንብ መታየቱ ግን ነፃ አወጣው። «ጋሼ፣ ስክሪኑ ጤነኛ ነው፤ እንቅልፍ ያበዛው ካርዱ ነው» አለኝ፤ ምስሉን አዘጋጅቶ ለስክሪኑ የሚልከውን የግራፊክስ ካርድ ማለቱ ነው።

በሰከንድ 60 ጊዜ ምስሉን የሚያድስ ስክሪን ለአንዱ ምስል ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይኖረዋል። የሚታየው ነገር ሳይለወጥ ሲቆይ ያንኑ ምስል ደጋግሞ መላክ ባትሪ ማባከን ስለሆነ፣ ፓኔል ሰልፍ ሪፍሬሽ የሚባለው አሠራር የመጨረሻውን ምስል በራሱ በስክሪኑ ውስጥ ባለ ማኅደረ ትውስታ ያስቀምጥና ካርዱን ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኘው መስመር እንዲያርፍ ያደርጋል። ቬሳ የተባለው የማሳያ ደረጃ አውጪ ማኅበር በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኢምቤድድ ዲስፕሌይፖርት 1.3 በተባለው የውስጥ ስክሪን ማገናኛ ደረጃ ውስጥ የተካተተ፣ ለላፕቶፕ የታሰበ ብልሃት ነው። መንቃቱ ፈጣን ከሆነ ማንም አያስተውለውም፤ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ ከስክሪኑ ጋር ካልተግባባ ግን ከእረፍት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ይዘገያል። ቪዲዮ ያለማቋረጥ ስለሚለዋወጥ መስመሩ እንዲያርፍ ዕድል አይሰጠውም፤ በኤችዲኤምአይ የተያያዘው ሞኒተርም ይህ አሠራር አይነካውም።

ባለሙያው በግራፊክስ መቆጣጠሪያው ፕሮግራም ውስጥ የኃይል ቁጠባውን ክፍል ከፍቶ ይህንኑ ለባትሪም ለቻርጀርም አጠፋው፤ መዘግየቱ እዚያው ቀረ። ፎርማት ያልጠቀመኝም ድራይቨሩ እንደገና ሲጫን ምርጫውን እንደበራ ይዞ ስለመጣ ነው። ከዚያ በፊት በዊንዶውስ የኃይል ምርጫዎች ውስጥ ያለውን የፒሲአይ ኤክስፕረስ (የኮምፒውተሩ የውስጥ ክፍሎች መገናኛ መስመር) ቁጠባ ለጊዜው አጥፍቶ ሞክሮ ነበር፤ ለውጥ ሲያጣ ወደነበረበት መለሰው። አምስት ነገር በአንድ ላይ አጥፍቶ «ተስተካክሏል» ከማለት ይልቅ አንድ በአንድ መሄዱን ከሁሉ በላይ ወድጄለታለሁ።

ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ ሥራ 400 ብር ከፍያለሁ፤ ከስክሪን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም ደረሰኝ እስክጠይቅ አልተሰጠኝም፤ የተለወጠው ሴቲንግ የትኛው እንደሆነም በጽሑፍ አልተሰጠኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ድራይቨሩ ራሱን አድሶ ምርጫውን መልሶ ሲያበራው መዘግየቱ ተመለሰ፤ ከባለሙያው ጎን ቆሜ ሲሠራ ባላየው ኖሮ ሌላ 400 ብር ይዤ መሄዴ ነበር። ባትሪዬ ቀድሞ ከሚቆየው ትንሽ ቀንሷል፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ይሰማኛል፣ ይህንንም አስቀድሞ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ያም ሆኖ ከሰሞኑ መንቀሳቀስ የጀመረውን የቻርጀር መሰኪያ የምወስደው ወደዚያው ቤት ነው።