ዱናድ ወይስ ግሪያናን ኦፍ ኤላክ?

ሁለቱም የጌል (የጥንት አየርላንድና የምዕራብ ስኮትላንድ ሕዝብ) ነገሥታት መቀመጫ የነበሩ የኮረብታ ምሽጎች ናቸው። የአየርላንዱ ግሪያናን ግርማ አለው፤ 4.5 ሜትር ገደማ የሚወፍረው ክብ የድንጋይ ካብ 23 ሜትር ስፋት ያለውን ግቢ ይከባል፤ መኪናም እስከ አጠገቡ ይደርሳል። ግን የደቡብ አየርላንዱ የማንስተር ግዛት ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1101 አፍርሶታል፤ አሁን የሚታየው ካብ አብዛኛው በ1870ዎቹ እንደገና የተካበ ነው።

የስኮትላንዱ ዱናድ ከሩቅ ተራ ቋጥኝ ነው የሚመስለው። ዳል ሪያታ የተባለው የጌል መንግሥት መቀመጫ ነበር፤ በ736 የስኮትላንድ ጥንታዊ ሕዝብ የሆኑት ፒክቶች ያዙት። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ድንጋይ ላይ የተፈለፈለ የእግር ዱካ አለ፤ ንጉሥ ሲነግሥ የሚረግጠው እንደነበር ይታመናል። እናንተ የምትረግጡት ግን ዋናው እንዳይጎዳ ከላዩ የተነጠፈውን ቅጂ ነው። ዝናብ ከጣለ አቀበቱ ያንሸራትታል፤ መሬት የሚቆነጥጥ ጫማ ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ ማየት ለሚችል ምርጫው ዱናድ ነው።