ሮዝ ባቡር የምትፈልጉ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

አሮጌ የአሻንጉሊት ባቡር የምትሰበስቡ፣ በተለይ ሜሪላንድና ፔንስልቬንያ አካባቢ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ለማንም ገንዘብ እንዳትልኩ። እኔ 850 ዶላር ከስሬ ነው የተማርኩት።

"ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት?" የሚል መቼም አይጠፋም። ባለቤቴም ብላኛለች። አባቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ያደግኩት ከዚራ ነው፤ ሰዓታችን የባቡሩ ጡሩምባ ነበር። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ዕቃ ሲሸጥ የላየነል ባቡር በሦስት መስመር ሃዲዱ ላይ ሲሽከረከር አየሁና በቃ፣ ተለከፍኩ።

ላየነል ጆሹዋ ላየነል ኮወን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1900 ኒውዮርክ ላይ ያቋቋመው ኩባንያ ነው። በ1957 "ለሴት ልጆች" ብሎ አንድ ባቡር አወጣ። ሎኮሞቲቩ ሮዝ፣ ፉርጎዎቹ ደግሞ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፤ ከረሜላ የመሰለ ነገር። ገበያ ግን አልቀናውም። ልጃገረዶቹ የፈለጉት ልክ እንደ ወንድሞቻቸው፣ እውነተኛውን የሚመስል ጥቁር ባቡር ነበር ይባላል። ያኔ ስላልተሸጠ ዛሬ ብርቅ ሆነ፤ ብርቅ ስለሆነ ተወደደ።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። የሮዙ ሎኮሞቲቭ ቁጥር 2037 ነው። ኩባንያው በዚያው ዘመን 2037 የሚል ጥቁር ሎኮሞቲቭም በብዛት ሸጧል። አካላቸው አንድ ነው። ጥቁሩን ዛሬ መቶ ዶላር ገደማ ታገኙታላችሁ። አንድ ቆርቆሮ ሮዝ ቀለም ጨምሩበትና ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

እኔ ያን ሂሳብ አልሠራሁም። ሻጩ በኢንተርኔት ፎቶ አወጣ፤ ሰማያዊ አበባ ባለው የጠረጴዛ ልብስ ላይ የተቀመጠ ሮዝ ባቡር። "የአያቴ ነው፣ ለእናቴ ለገና በዓል የገዛላት፣ ሁለቴም አልተነዳም" አለኝ። ስለ እናቱ ሲያወራ ሆዴ ባባ። ካርቶኑም አብሮ አለ፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ። አሁን ሳስበው፣ ያን ያህል ዓመት ሰገነት ላይ የቆየ ካርቶን እንዴት ጠርዙ ሳይላላጥ ይቀራል? የላየነል ካርቶን ዛሬም አስመስለው ያትማሉ። ባዶ ካርቶን ብቻውን የሚገዛ ሰው ስላለ ያዋጣቸዋል።

በዜል፣ ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ በሚላክበት፣ ላክልኝ አለ። ላክሁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እኔ ነኝ ለእህቴ ልጅ "የማታውቀው ሰው ጋ በዜል አትላክ" ብዬ የመከርኩት። ዜል ማለት በእጅ እንደሰጡት ብር ነው። በክሬዲት ካርድ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ደውዬ እከራከር ነበር።

ባቡሩ ደረሰኝ፣ ደስ አለኝ፣ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውየው ደግሞ ደወለ። የ1957 የሱቅ መስኮት ማሳያ አለኝ አለ። እነዚህ ኩባንያው ለሱቆች ያዘጋጃቸው የነበሩ ትልልቅ ገበታዎች ናቸው፤ ሃዲዱ፣ ዋሻው፣ መብራቱ ሁሉ የተገጠመላቸው። ዛሬ የደረሰው ሰው አይለቃቸውም። 2,000 ዶላር ጠየቀ። ይኼኛውን ግን ሳላይ አልገዛም አልኩና ሁለት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ።

ከላይ ሲያዩት ያምራል። አቧራው ሳይቀር በቦታው አለ። እኔ ግን ልጅ ሆኜ አባቴ ባቡር ሲመረምር መጀመሪያ ከሥር ገብቶ ነበርና የሚያየው፣ የስልኬን መብራት አበራሁና ተንበርክኬ ከገበታው ሥር ገባሁ። እንጨቱ የተያያዘው ዛሬ ጂፕሰም ግድግዳ በሚመቱበት ጥቁር ብሎን ነው። ያ ብሎን የተለመደው ከዚያ ዘመን በኋላ ነው። ሽቦውም ከሃርድዌር ሱቅ ትናንት የመጣ ይመስላል። "ታድሶ ነው" አለኝ። መታደሱን በስልክ ለምን አልነገርከኝም ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። መንገድ ላይ ግን ሮዙ ባቡር አሳሰበኝ።

በኦክቶበር ዮርክ ወሰድኩት። ፔንስልቬንያ ዮርክ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ኤፕሪልና ኦክቶበር ላይ፣ ትልቁ የአሻንጉሊት ባቡር ገበያ ይቆማል። ዕድሜያቸውን እዚህ ሥራ ላይ የጨረሱ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ገና በእጃቸው ሲይዙት ፈገግ አሉ። ከዚያ አንድ በአንድ አሳዩኝ። የቦይለሩ፣ የሎኮሞቲቩ በርሜል መሳይ አካል፣ የምስማር ራሶች ጥርት ብለው መታየት ሲገባቸው በቀለም ተሞልተው ደብዝዘዋል። የብሎኑ ራስ ውስጥ፣ ካቻቪቴ የሚገባበት ስንጥቅ፣ ሮዝ ቀለም ተኝቷል፤ ፋብሪካ ቀብቶ ነው የሚገጥመው፣ ገጥሞ አይቀባም። በካቢኑ ውስጠኛ ጥግ ጥቁር ቀለም ቀርቷል። በመጨረሻ ትንሿን የአልትራቫዮሌት ባትሪ አበሩበት። ቀለሙ ቦግ ብሎ አበራ። ብዙዎቹ የአሁን ቀለሞች እንዲህ ያበራሉ አሉኝ። "አንዱ ብቻ ቢሆን እከራከርልህ ነበር፣ አራቱ አንድ ላይ ግን..." ብለው መለሱልኝ።

ባትሪዋ አሥር ዶላር አትሞላም። ይህን ስሰማ ከባቡሩ ይልቅ እሷ አቃጠለችኝ።

እና ሻጩ ከቦይለሩ ሥር፣ ከካቢኑ ውስጥና ከብሎኖቹ ቅርብ ፎቶ ላክ ስትሉት "ጊዜ የለኝም፣ ሌላ ገዢ አለ" ካላችሁ፣ ለዚያ ለሌላው ገዢ ተዉለት። መቀባት በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ቀለም ተቀብቷል ብሎ በተቀባ ባቡር ዋጋ የሚሸጥ ሐቀኛ ሰው ሞልቷል። ከመክፈላችሁ በፊት "ፋብሪካ የቀባው ነው ወይስ ሌላ ሰው?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ። እኔ ሁሉንም በስልክ ስለጨረስኩ የማሳየው ነገር የለኝም። ሰውየው አሁን ስልክ አያነሳም።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ሮዝ ሎኮሞቲቭ ለሽያጭ ወጥቶ አየሁ። የሻጩ ስም ሌላ ነው። ከሥሩ የተነጠፈው የጠረጴዛ ልብስ ግን ያው ባለ ሰማያዊ አበባው ነው። ዋጋው 950 ሆኗል።