ኮቺ ለሕክምና የምትሄዱ ካላችሁ፣ የቼቺን ቤት ልጠቁማችሁ

አባቴን ለልብ ቀዶ ሕክምና ይዘን ሕንድ፣ ኬረላ ክፍለ ሀገር፣ ኮቺ ከተማ ሄደን በሰላም ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን። እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሞቹን እዚያው አመስግነን ነው የተለያየነው። ዛሬ በሰው ፊት ላመሰግናት የፈለግሁት 25 ቀን ሙሉ እንደ ቤተሰብ ያበላችንን ሴት ነው።

ደላላው "የሐበሻ ምግብ የሚሠራበት ማረፊያ" ብሎ የያዘልን ክፍል ምድጃ እንኳ አልነበረውም። ፍልሰታ ገብቷል፣ እናቴ ጾመኛ ናት፤ ሁለት ቀን ሙዝ ቀምሳ አደረች። በሦስተኛው ቀን አንዲት ነርስ አዝናልን፣ ፎቋን ለአስታማሚ የምታከራይ፣ ምግብም የምትሠራ ጎረቤቷ ዘንድ ወሰደችን። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ሰፈሩ ሁሉ ቼቺ ነው የሚላት፤ በማላያላም "ታላቅ እህት" ማለት ነው። እናቴን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "አማቺ" (እማማ እንደማለት ነው) አለቻት፣ እናቴም "ልጄ"።

ቼቺ ራሷ ጾም ላይ ነበረች። የማላንካራ፣ ማለትም የሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት፤ በ1957 ዓ.ም. ጃንሆይ አዲስ አበባ ላይ አባቶቻቸውን ከሰበሰቧቸው እህት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ። ለዚህ ነው "እስከ 9 ሰዓት አትቀምስም" ስላት ማብራሪያ ያልጠየቀችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ምግብ አፓም ነበር። ሩዝ ዘፍዝፋ ከኮኮናት ጋር ትፈጨዋለች፣ ኩፍ እንዲል ታሳድረዋለች። ልክ 9 ሰዓት ሲሆን ጎድጎድ ያለች መጥበሻ ላይ አፍስሳ፣ አንዴ በእጇ አዙራ ከደነችው። ክዳኑ ሲነሳ እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና "እዩት፣ ዓይን አለው!" አለች። ዳሩ እንደ ዳንቴል ስስ፣ መሃሉ ልስልስ ያለ። ማባያው ነጭ የአትክልት ወጥ ነበር፤ "የኮኮናት ወተት" ሲባል እናቴ ወተት የሚለውን ሰምታ እጇን ሰበሰበች። ቼቺ ምንም ሳትል ኮኮናቱን ፊቷ ፈቀፈቀች፣ ውሃ ጨምራ በነጠላ ጨርቅ ጨመቀችው። ከዚያ በኋላ እናቴ በላች።

ለአባቴ ደግሞ ከሆስፒታሉ የተሰጠንን የአመጋገብ ወረቀት ተቀብላ ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጠፈችው። እነሱ ካንጂ የሚሉትን የሩዝ አጥሚት ያለ ጨው ለብቻው እየሠራች፣ በባለ ሦስት ደርብ ምሳ ዕቃ በዝናብ ይዛ ትመጣ ነበር። የነሐሴ ዝናባቸው ከእኛ አይተናነስም።

አሁን እንባዬን ያመጣው ነገር። የእነሱ የእመቤታችን ጾም በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ይፈታል፣ የእኛ ገና ሰባት ቀን ይቀረዋል። የኬረላ ሰው ደግሞ ያለ ዓሣ አይሆንለትም። ቼቺ ግን እስከ ነሐሴ 16 ዓሣም እንቁላልም ቤቷ አላስገባችም፤ ባሏም ልጆቿም አብረውን ጾሙ። ለምን እንደዚህ ታደርጊያለሽ ብላት "አማቺ ለብቻዋ ልትበላ ነው እንዴ?" አለችኝ። ክፍያ ጨምሬ ብሰጣት መለሰችልኝ።

ጾሙ የተፈታ ዕለት እናቴ ወጥ ቤቱን ተረከበች። ከቤት ይዘነው የሄድነውን ሽሮ በቼቺ ሸክላ ድስት አንተከተከችው፣ ድርቆሹን ፈተፈተች፣ ቡና ቆላች። ለቼቺ ስታጎርሳት ቤቱ ዝም አለ። የባሏ እናት "እኛም ልጅ ስናሳድግ እንደዚህ ነው" አሉና እሳቸውም አፋቸውን ከፈቱ። ወንድማቸው በጃንሆይ ዘመን ጎንደር ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። እናቴም የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዋ የኬረላ ሰው ነበሩ፤ ሁለቱ ሴቶች በእኔ አስተርጓሚነት እስከ ማታ ስለ እነዚያ መምህራን አወሩ።

ለምትሄዱ፦ ቤቷ ሦስት ሰው ነው የሚችለው፣ ቀድማችሁ አስይዙ። ኮኮናት ዘይት የማይስማማው ሰው ካለ ንገሯት፣ ትቀይራለች። እንግሊዝኛ ትችላለች። ስልኳን እሷ ስለፈቀደች በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን እኔ ጋ ደውሉ፤ እናቴ ለቼቺ ያስፈጨችው ሁለት ኪሎ ሽሮ እና ጥሬ ቡና ታስሮ የሚወስደው ሰው እየጠበቀ ነው።