ቺንቺላ ሲታመም ገንዘቡን የት እናውለው? የሐኪም፣ የምግብና የክፍያ አማራጮች ንጽጽር

የልጄ ቺንቺላ፣ ያ ከአይጥ ዘር የሆነው ፀጉረ ወፍራም ትንሽ የቤት እንስሳ፣ ጉም ይባላል። ስሙን ያወጣችለት በፀጉሩ ቀለም ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጎጆውን ለማጽዳት ስንከፍት የጠዋቱ ድርቆሽ አልተነካም፣ አገጩ ረጥቧል፣ ሌላ ጊዜ ወለሉን የሚሞላው በጠጥ ደግሞ ጥቂት ፍሬ ብቻ ነው፣ እሱም ደቃቅና ደረቅ። ሚዛን ላይ አወጣነው። 498 ግራም። ከሦስት ሳምንት በፊት 560 ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ እስከ ማክሰኞ 1,135 ዶላር ወጣ። እንስሳው የተገዛው በ180 ነው። የሰማ ዘመድ ሁሉ «ለአይጥ?» አለን። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ባደግኩበት ቤት ድመት ሐኪም ቤት ስትሄድ አላየሁም። ግን ከሱቅ አምጥተን ጎጆ ውስጥ የዘጋንበት እኛ ነን፣ ወጥቶ የሚሻለውን ሣር ፈልጎ መብላት አይችልም። የሚቆጨኝ ገንዘቡ መውጣቱ አይደለም። ከዚያ ውስጥ 410ሩ ያለ ቦታው መውጣቱ ነው።

ስለዚህ እናንተ ሁለቴ እንዳትከፍሉ ያየሁትን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ዋጋዎቹ እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ሆነን የከፈልናቸው ወይም ደውለን የጠየቅናቸው ናቸው። ሌላ ከተማ ይለያል።

የሌሊት ድንገተኛ ክሊኒክ ወይስ የኤግዞቲክ ሐኪም?

እዚህ አሜሪካ ከውሻና ከድመት ውጭ ያሉትን የቤት እንስሳት የሚያክመው ሐኪም ኤግዞቲክ ይባላል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የቺንቺላ ጥርስ ሃያውም ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ ሆዱ ሣርን የሚያብላላው አንጀቱ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ነው፣ ማስታወክም አይችልም። ውሻ ሲያክም የኖረ ሐኪም ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ግን የዚህን ፍጥረት የኋላ ጥርስ ለማየት መሣሪያውም ልምዱም ላይኖረው ይችላል።

እኛ ደንግጠን ቅርባችን ወዳለው የሌሊት ክሊኒክ በረርን። ምርመራው ብቻ 185 ዶላር። ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሰጡት፣ የሕመም ማስታገሻ ወጉት፣ ከዚያ «ቺንቺላ የሚያይ ሐኪም ሰኞ ፈልጉ» ብለው ሸኙን። ድምር 410። ሰኞ ኤግዞቲክ ሐኪሟ ጋ ስንደርስ ምርመራው 105 ነበር። በማደንዘዣ አስተኝታ አፉን ስትከፍተው መንጋጋ ጥርሱ አድጎ፣ ሾሎ፣ ምላሱን ይወጋል። ራጅ፣ ማደንዘዣና ጥርስ ማስተካከል ሌላ 620።

ታዲያ የሌሊቱ ክሊኒክ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሆዱ እንደ ከበሮ ከተነፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ከሆነ፣ በሙቀት ወድቆ ከተዘረረ (ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከ80 ፋራናይት በላይ ለቺንቺላ አደገኛ ነው)፣ ወይም ለ12 ሰዓት ያህል ምንም ካልበላ፣ ጠዋትን አትጠብቁ። ግን ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉና «ዛሬ ማታ ቺንቺላ የሚያይ ሐኪም አለ?» በሉ። እኛ ያልጠየቅናት ይቺን ነው። በኋላ ሳጣራ 40 ደቂቃ ርቀት ላይ ቅዳሜ ማታም ኤግዞቲክ ሐኪም ያለው ቦታ ነበር።

ሐኪም ፍለጋው ደግሞ እንስሳው ደህና ሳለ ነው የሚሻለው። የኤግዞቲክ አጥቢ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ በየአካባቢው ያሉ አባላት ዝርዝር አለ። ሦስት ስልክ ጻፉና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉ።

የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልስ? ፊላደልፊያ ያለው የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ራያን ሆስፒታልና ኢታካ ያለው ኮርኔል ኤግዞቲክ ክፍል አላቸው፣ ጥሩ ናቸው። ተማሪ ስላለ ርካሽ ይሆናል ብላችሁ ግን አትሂዱ። ከባድ ነገር ሲመጣና ሐኪማችሁ ራሱ ሲልካችሁ ነው ቦታቸው።

በሲሪንጅ የሚሰጥ ምግብ፦ የትኛውን እንግዛ?

ከሕክምናው በኋላ ሥራው ቤት ነው፣ ገንዘብ የሚቆጠበውም እዚህ ነው። ቺንቺላ መብላት ሲያቆም አንጀቱም ይቆማል፣ ስለዚህ ራሱ እስኪበላ በእጅ ይመገባል።

ኦክስቦው የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ክሪቲካል ኬር ብዙ ሐኪም የሚያዘው ነው። ከሣር የተፈጨ ዱቄት ነው፣ በሞቀ ውሃ ይበጠበጣል። 141 ግራሙን ከረጢት ከክሊኒክ 22 ዶላር ከፈልኩ፣ ኢንተርኔት ላይ 15 አገኘሁት። ያው ዕቃ ነው። ሁለት ዓይነት አፈጫጨት አለው። የተለመደው ቃጫ ስላለው ለሆድ ጥሩ ነው ግን ቀጭን ሲሪንጅ ይደፍናል፣ አፏ ጠባብ ለሆነች ሲሪንጅ ደቃቁ ይሻላል። ጉም የአኒስ ሽታ ያለውን ተፋው፣ የፖምና ሙዝ ጣዕም ያለውን ግን ላሰ። የእናንተ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል፣ ከተቻለ ትንሹን ከረጢት አስቀድማችሁ ሞክሩ።

ኤመርኤድ ኸርቢቮር የላፌበር ምርት ነው። በጣም የላመ ስለሆነ በቀጭን ቱቦ እንኳ ያልፋል፣ ለጠናበት በሽተኛ ነው የተዘጋጀው። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ከሐኪም እጅ ነው የሚመጣው። ሐኪሙ ካላለ ለቤት ማስታመሚያ አያስፈልጋችሁም።

ሦስተኛው የራሱን ፔሌት፣ ያን ከድርቆሽ ተጨምቆ የሚሠራውን ምግቡን፣ ፈጭቶ በውሃ ማራስ ነው። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። የቡና መፍጫ ይበቃል፣ በርበሬም ቡናም ያልነካው መሆን አለበት እንጂ። እሁድ ሱቅ ተዘግቶ ዱቄቱ ቢያልቅባችሁ ሌሊቱን ያሻግራችኋል። ለሳምንት ግን አልመክርም፣ በደንብ አይልምም፣ ሲሪንጁ ሲደፈን እናንተ ትገፋላችሁ፣ ድንገት ሲፈነዳ ደግሞ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል።

የእኔ ምርጫ አንድ ከረጢት ክሪቲካል ኬር ሳይከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ መኖሩ ነው። የማብቂያ ቀኑን እያያችሁ ቀይሩት።

አሰጣጡ ላይ አንድ ነገር። በጀርባው አታስተኙት። በፎጣ ጠቅልላችሁ እንደተቀመጠ ያዙት፣ ሲሪንጁን ከጎን፣ ከፊት ጥርሱ ጀርባ አስገቡና በትንሽ በትንሹ፣ እስኪያላምጥ እየጠበቃችሁ። ሆዱ ከተነፋ ግን ሐኪም ሳያየው ምንም በግድ አታብሉት። መጠኑንም በክብደቱ አስልቶ የሚነግራችሁ ሐኪሙ ነው።

ቤት ያለውን መድኃኒት ተዉት

ይቺን ብቻ ብታነቡልኝም ይበቃኛል። ብዙዎቻችን ቤት መሳቢያ ውስጥ ከአገር ቤት የመጣ ወይም ከልጅ ሕመም የተረፈ አሞክሲሲሊን አለ። ለቺንቺላ በአፉ ብትሰጡት ምግቡን የሚያብላሉለትን ባክቴሪያዎች ይጨርስና ሊገድለው ይችላል። ክሊንዳማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክም እንደዚያው። ሐኪም ሲያዝለት ሌላ ዓይነት አንቲባዮቲክ ነው። እናቴ በስልክ «ተልባ በጥብጠሽ አጠጭው» ብላኝ ነበር፣ ለእኛ ሆድ የሚሆነው ተልባ ቅባት ለማይችል ፍጥረት አይሆንም። አዝኜ እምቢ አልኳት።

ክፍያው፦ ኢንሹራንስ፣ ቁጠባ፣ የሕክምና ክሬዲት ካርድ

ኢንሹራንስን እንደ ዕድር አስቡት፣ ሳይመጣ ነው የሚገባው። ለቺንቺላ የሚሸጥ ጥቂት ነው፣ ስሙ የታወቀው ኔሽንዋይድ የተባለው ኩባንያ የአእዋፍና ኤግዞቲክ ፖሊሲ ነው። ለእኛ በወር 20 ዶላር አካባቢ አሉን። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም መጀመሪያ ከኪሳችሁ የሚወጣው፣ ስንት ነው፣ ጥርስ ይሸፍናል ወይ፣ ከስንት ቀን በኋላ ይጀምራል። ቀድሞ የነበረ በሽታ አይሸፈንም። ጉም ጥርሱ ከታመመ በኋላ ነው የደወልነው፣ ስለዚህ በጣም የሚያስፈልገን ነገር ከሽፋኑ ውጭ ሆነ። ቺንቺላችሁ ገና ልጅና ጤነኛ ከሆነ ግን ማሰቡ ተገቢ ነው፣ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ሌላም አለ፦ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ከፍላችሁ በኋላ ነው የሚመለስላችሁ፣ ስለዚህ ኢንሹራንስ ያለውም ሰው በዚያች ሌሊት ገንዘብ ያስፈልገዋል።

ቁጠባ ቀላሉ ነው፣ ድክመቱም ግልጽ ነው። በወር 35 ዶላር ብትለዩ በዓመት 420 ይሆናል። በሁለተኛው ወር ቢታመም 70 ዶላር ይዛችሁ ቆማችኋል። በሌላ በኩል ካልታመመ ገንዘቡ የናንተው ነው። ከሌላው ሂሳብ ለይታችሁ አስቀምጡት፣ ያለዚያ ለበዓል ዶሮ ይሄዳል።

ኬርክሬዲት የተባለውን የሕክምና ክሬዲት ካርድ ክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያቀርቡላችሁ፣ እንስሳው እጃችሁ ላይ እያቃሰተ። ጥሩ ጎኑ ወዲያው መፈቀዱ ነው። «ለ12 ወር ወለድ የለውም» የሚለውን ግን በደንብ ስሙት። ወለዱ አልቀረም፣ ቆሞ ይጠብቃል። በ12ኛው ወር መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ካልዘጋችሁት ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ያለው በሙሉ ይጫንባችኋል፣ መጠኑም ለአዲስ አካውንት ከ30 በመቶ በላይ ነው። ካርዱ በየወሩ የሚጠይቀው ትንሹ ክፍያ ዕዳውን በጊዜው ላይዘጋው ይችላል። 1,000 ዶላር ከሆነ በወር 84 መክፈል አለባችሁ፣ ከዚያ ያነሰ አይሆንም። ብዙ ሰው ይህ ሳይነገረው ፈርሟል። እ.ኤ.አ. በ2013 የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ኬርክሬዲት እስከ 34.1 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች እንዲመልስ ያዘዘው በዚሁ ነው። በወር 84 እንደምታገኙ እርግጠኛ ከሆናችሁ ውሰዱት። ካልሆናችሁ ክሊኒኩን ራሱን በሁለት በሦስት መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቁት፣ አያሳፍርም።

ከማንኛውም ሕክምና በፊት ደግሞ ግምቱን በጽሑፍ ጠይቁና «ከዚህ ውስጥ ዛሬ ካልተደረገ የሚጎዳው የትኛው ነው?» በሉ። ሐኪሟ እኛ ስንጠይቃት 140 ዶላር የሚያወጣውን የደም ምርመራ ወደ ሌላ ጊዜ አሸጋገረችልን።

በ15 ዶላር የሚገዛው ነገር

በግራም የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን። ከኢንሹራንሱም ከካርዱም በፊት ይህን ግዙ። ቺንቺላ ሕመሙን ይደብቃል፣ ፀጉሩም ወፍራም ስለሆነ ክሳቱ በዓይን አይታይም። በሳምንት አንድ ቀን መዝኑት፣ ጻፉት። ከክብደቱ አስር በመቶ ከቀነሰ ሐኪም ያስፈልገዋል። እኛ ሚዛኑ ነበረን፣ ለሦስት ሳምንት አላወጣነውም። በየሳምንቱ መዝነነው ቢሆን 530 ላይ እንይዘው ነበር፣ ቅዳሜ ማታም አይሆንም ነበር።

ጥርሱ ከተመለሰበትስ?

የጥርስ ችግር የጀመረው ቺንቺላ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ይመጣል። ሥሩ ወደ መንጋጋው አጥንት ከገባ በመሞረድ አይድንም። ስለዚህ ሐኪሙን «ይህ በዓመት ስንቴ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በዋጋው አባዙት። የማይቻል ከሆነና እንስሳው እየተሠቃየ ከሆነ ያለ ሕመም እንዲያርፍ ማድረግ ክፋት አይደለም። ከልጄ ጋር ይህን ተነጋግረናል። ከባድ ነበር፣ አልቅሳለች፣ ግን እንዲያመው እንደማትፈልግ ራሷ ነገረችኝ።

ለጊዜው እዚያ አልደረስንም። ጉም ዛሬ ጠዋት 545 ግራም ነበር። ፔሌቱን ቀንሰን ቲሞቲ የሚባለውን ሣር ድርቆሽ አብዝተንለታል፣ ሌሊት ሲያደቅቀው እሰማለሁ። ሐኪሟ በየአራት ወሩ እንድታየው ተስማምተናል፣ ማደንዘዣ ካስፈለገ ያለ ራጅ ከ350 እስከ 400 ይሆናል ብላለች። ቀጠሮው መጋቢት ላይ ነው። ለብቻው ባስቀመጥነው ሂሳብ ውስጥ እስካሁን 315 ዶላር አለ።