የሁለት ራም ዋጋ ከፍላችሁ የአንዱን ፍጥነት እንዳትረከቡ

ኮምፒውተር አስገጣጥማችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት የኬዙን ክዳን አስከፍቱና ራሞቹ (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዙት ካርዶች) የት የት እንደተሰኩ በዓይናችሁ እዩ። ታናሽ ወንድሜ ለቪዲዮ ቅንብር ብሎ ከአንድ የአዲስ አበባ መደብር ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ገዛ። ደረሰኙ ላይ «16 ጊጋባይት ራም፣ ዱዋል ቻናል» ተብሎ ተጽፏል፤ ራሞቹ መረጃ በአንድ ሳይሆን በሁለት መስመር ያስተላልፋሉ ማለት ነው፤ ዋጋው ከሌሎች ሱቆች ከፍ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው ተብሎ ነበር። ሁለቱ ባለ 8 ጊጋባይት ራሞች ግን ለፕሮሰሰሩ በሚቀርቡት ሁለት መሰኪያዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ተገኙ።

አራት የራም መሰኪያ ባላቸው በአብዛኞቹ ማዘርቦርዶች (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚሰኩባቸው ሰሌዳዎች)፣ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር የመጀመሪያዎቹ ኤ1 እና ኤ2፣ ቀጣዮቹ ቢ1 እና ቢ2 ናቸው። ኤዎቹ አንድ ቻናል ይጋራሉ፣ ቢዎቹ ሌላ። ስለዚህ ሁለት ራም የሚሰካው ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ሁለቱንም ኤ ላይ ማድረግ ሁለት ሠራተኛ ቀጥሮ አንድ አካፋ መስጠት ነው። ባለ 3200 ዲዲአር4 ራም (ዲዲአር4 የራሙ ትውልድ፣ 3200 ፍጥነቱ ነው) በአንድ ቻናል በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ በሁለት ቻናል 51.2። ጽሑፍ ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለሚያይ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ሻጩ የሚደፍረውም ለዚህ ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለው እንደ 5600ጂ ባለ ኮምፒውተር ላይ ግን ምስሉን የሚሠራው ክፍል ከዚያው ራም ስለሚበደር ጌሞችና የቪዲዮ ሥራ ክፉኛ ይጎተታሉ።

የሻጩ መልስ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ «ዊንዶውሱ 16 እያሳየህ ምን ጎደለብህ?» መጠኑ የትም ቢሰካ 16 ነው፤ የጎደለው ፍጥነቱ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ኬዙ ብሎን ላይ «ከተከፈተ ዋስትና የለውም» የሚል ወረቀት መለጠፋቸው ነው። ራሳችሁ እንዳታስተካክሉ ያስሩአችኋል፤ ከዚያ የሁለት ደቂቃ ሥራውን «የፍጥነት ማሻሻያ» ብለው ያስከፍላሉ። ወንድሜንም ክፍያውን ጠይቀውት ነበር። የማዘርቦርዱን መመሪያ የራም ገጽ ገልጠን ስናሳያቸው ያለ ክፍያ አዛወሩት።

የዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር ስንት መሰኪያ እንደተያዘ እንጂ ቻናሉን አይነግራችሁም። ሲፒዩ ዜድ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም እዚያው ሱቁ ውስጥ አስጭኑና የሜሞሪውን ገጽ ክፈቱ። በዲዲአር4 «ዱዋል» ወይም «2 በ64 ቢት» ማለት አለበት። ቀጣዩ ትውልድ ዲዲአር5 ላይ ተጠንቀቁ፤ አንዱ ራም ብቻውን ሁለት ባለ 32 ቢት ንዑስ ቻናል ስላለው «2 በ32» የሚል ጽሑፍ ይታያል፣ ሻጩም ጣቱን «2» ላይ ቀስሮ ሊያሳምናችሁ ይችላል። ሁለት ራም በትክክል ሲሰካ የሚታየው «4 በ32» ነው። እግረ መንገዳችሁን ፍጥነቱንም እዩ፤ 3200 ተብሎ የተሸጠ ራም ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው የራም ፍጥነት ምርጫ ካልተከፈተለት ብዙ ጊዜ በ2400 ወይም በ2666 ይሠራል።

ማዘርቦርዱ ሁለት መሰኪያ ብቻ ካለው የአቀማመጡ ጣጣ የለም። እዚያ የሚመጣው «አንድ ባለ 16 ይሻልሃል፣ በኋላ ትጨምራለህ» የሚለው ምክር ነው። አንድ ራም ግን የሚሠራው በአንድ ቻናል ነውና፣ ከተስማማችሁም በአንድ ራም ዋጋ ተስማሙ፤ ደረሰኙ ላይም «አንድ» ተብሎ ይጻፍ።